ከክንድ ወደ ሜትር፣ ከጣቃ ወደ ቃዳ፦ የመሬትና የጨርቅ መለኪያዎችን ማመሳከር

በጣና ዳርቻ አንድ ክንድ ሁለት ሙያ ሲያገለግል ኖሯል። ሸማኔ ድሩን የሚያደራው፣ ነጋዴ አቡጀዲ የሚቆርጠው፣ ወራሾችም የአባታቸውን ማሳ የሚከፋፈሉት ከክርን እስከ መሐል ጣት ጫፍ ባለው በዚያው ርዝመት ነበር። ዛሬ የይዞታ ደብተሩ በሄክታር ይጻፋል፣ የድሮው የክፍፍል ወረቀት በክንድ ይናገራል፣ ቅዳሜ ገበያ ያለው ጨርቅ ሻጭ በሜትር ይቆርጣል፣ ጣቃው ላይ ያርድ ታትሟል፣ የክሩ ካርቶን ደግሞ ቁጥር ብቻ ይዟል። ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የመሬት አስተዳደር ኢንስቲትዩትም የጨርቃ ጨርቅና ፋሽን ኢንስቲትዩትም ስላለው፣ በዚህች ከተማ ሁለቱን የመለኪያ ዓይነቶች ጎን ለጎን የሚያይ ሰው ብዙ ነው። ይህ መመሪያ ለነዚህ፣ ለወራሾች፣ ለሸማኔዎችና አሮጌ የንግድ መዝገብ ለሚያነቡ የተዘጋጀ ነው።

ሒሳቡ ራሱ ማባዛትና ማካፈል ብቻ ነው። ሰው የሚሳሳተው ከሒሳቡ በፊት ነው። «ክንድ ስንት ሳንቲ ሜትር ነው?» ብሎ ይጠይቃል፣ «ሃምሳ» ይባላል፣ በዚያ ተነሥቶ ሁሉን ያባዛል። ሃምሳ ለግምት ይሆናል፤ ለድንበር አይሆንም። ትክክለኛው መንገድ ያ ወረቀት ወይም ያ መዝገብ የተለካበትን ክንድ ከቀረው ማስረጃ መልሶ ማውጣት ነው። አሠራሩ ከታች አለ።

መጀመሪያ ርዝመትንና ስፋትን ለዩ

ክንድ፣ ስንዝር፣ ያርድ፣ ሜትር የርዝመት መለኪያዎች ናቸው። ቃዳ፣ ጥማድ፣ ጋሻ፣ ሄክታር የቦታ ስፋት ናቸው። «አንድ ቃዳ ስንት ክንድ ነው?» የሚል ጥያቄ መልስ የለውም፤ «ስንት ካሬ ክንድ ነው?» ከተባለ ግን አለው። ግራ እንዳይገባ፣ በዚህ ጽሑፍ የጨርቁን ወይም የማሳውን አግድም ጎን ወርድ፣ ርዝመት በወርድ ተባዝቶ የሚገኘውን ደግሞ ስፋት ብለን እንጠራለን።

በባሕር ዳር ዙሪያ፣ በደራና በፎገራ ቃዳ ሲባል ሩብ ሄክታር፣ ማለትም 2,500 ካሬ ሜትር ተደርጎ ይታሰባል። ክንዱ 50 ሳንቲ ሜትር ከሆነ 100 ክንድ በ100 ክንድ ልክ አንድ ቃዳ ይሆናል፤ በቃል ለመያዝ የሚመች ነው። ክንዱ 46 ሳንቲ ሜትር ከሆነ ግን ያው 100 በ100 የሚሰጠው 2,116 ካሬ ሜትር ብቻ ነው። በእያንዳንዱ ክንድ 4 ሳንቲ ሜትር ጎደለ፤ ከቦታው ግን 384 ካሬ ሜትር ሄደ። ስፋት ላይ ስሕተቱ ሁለት ጊዜ ስለሚባዛ፣ በርዝመት 1 በመቶ የሳተ ሰው በስፋት 2 በመቶ ገደማ ይስታል፤ በርዝመት 8 በመቶ የሳተ ከ15 በመቶ በላይ ይስታል።

ጥማድ ከቃዳ ይልቅ ተለዋዋጭ ነው። አንድ ጥማድ በሬ በቀን የሚያርሰው መሬት ስለሆነ፣ ዋልካ ላይና ቀላል ቀይ አፈር ላይ እኩል አይወጣም። በወረቀት ላይ ብዙ ጊዜ 0.25 ሄክታር ተብሎ ይተረጎማል፤ ለግብር ወይም ለዘር ግምት ይበቃል እንጂ የድንበርን ቦታ አይነግርም። ጋሻ (40 ሄክታር ገደማ) እና 66 ሜትር ገደማ የነበረው የቀላድ ገመድ በሸዋና በደቡብ ሰነዶች የበዙ ናቸው። ጎጃም የርስት አገር ነበር፤ መሬት በቀላድ መለካቱን ሕዝቡ አጥብቆ ይፈራው ነበር፤ በ1960 ዓ.ም. በእርሻ ገቢ ግብር ላይ ለተነሣው ዐመፅ አንዱ ምክንያት ይኸው ሥጋት ነበር። ስለዚህ የዚህን አካባቢ አሮጌ ወረቀት የያዘ ሰው ቀላድን ሳይሆን ክንድን፣ ጥማድንና የአዋሳኝ ስሞችን ይጠብቅ።

በአካል የሚለኩት

በተለመደው አቆጣጠር አንድ ክንድ 2 ስንዝር፣ 6 ጋት ወይም 24 ጣት ነው። ጋት ስንል አራቱ ጣቶች ጎን ለጎን ሲገጠሙ ያለው ወርድ ነው፤ ስንዝር ከአውራ ጣት ጫፍ እስከ ትንሿ ጣት ጫፍ እጅ ተዘርግቶ ነው። ይህ አከፋፈል የሚሠራው ሁሉም ከአንድ ሰው አካል ሲወሰድ ነው። የአንዱን ሰው ክንድ ከሌላው ስንዝር ጋር መደመር ስሕተት ነው፤ «ክንድ ከስንዝር» ተብሎ የተጻፈ ሁሉ በአንድ ለካኝ እጅ እንደተለካ ቁጠሩት፣ ማለትም 1.5 ክንድ።

የአዋቂ ሰው ክንድ ከ44 እስከ 50 ሳንቲ ሜትር ሊሆን ይችላል። በተጨማሪ አለካኩ ይለያያል። ጨርቅ የሚለካ ሰው ክርኑን አጥፎ ጨርቁን ከውጭ በኩል ሲወጥረው አንድ ርዝመት ያገኛል፤ ጣቱን የሚያስቀምጥበት ቦታ በየክንዱ ትንሽ ሲሸሽ ሌላ ያገኛል። ገመድን በክንድ ቆጥሮ ማሳ ላይ የሚዘረጋ ሰው ደግሞ ገመዱን ሲቆጥር ላላ አድርጎ፣ ማሳ ላይ ወጥሮ ሊይዘው ይችላል። ስለዚህ በመሬት ላይ የተገኘው «ክንድ» ከሰውየው ክንድ ትንሽ ሊረዝም ይችላል። ይህን በአካል መለኪያ ማረም አይቻልም፤ ማረም የሚቻለው ከታች ባለው መንገድ ነው።

ክንዱን ከቀረው ድንበር መልሶ ማውጣት

በወረቀቱ ላይ ከተጻፉት ጎኖች መካከል ሁለት ጫፎቹ ዛሬም ያለ ክርክር የሚታወቁትን አንድ ጎን ምረጡ። የወሰን ድንጋይ፣ የቆየ ዋርካ፣ የቤተ ክርስቲያን ቅጥር ጥግ ጥሩ ናቸው። የሐይቅ ዳር አይሆንም። የጣና ውኃ በየወቅቱ ከፍና ዝቅ ይላል፣ እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮም ጨረ ጨራ ላይ በተሠራው መቆጣጠሪያ ይመጠናል፤ በፎገራና በደንቢያ ሜዳ ደግሞ የውኃው ከፍታ ትንሽ ሲቀየር ዳርቻው ብዙ ይሸሻል። ወንዝ ዳርም በጎርፍ ስለሚበላ ያው ነው።

ያን ጎን በብረት ሜትር ሁለት ጊዜ፣ አንዱን ከዚህ ጫፍ፣ ሌላውን ከዚያ ጫፍ ጀምራችሁ ለኩ። ሁለቱ ልኬቶች በ50 ሜትር ውስጥ ከ3 ሳንቲ ሜትር በላይ ከተለያዩ ደግማችሁ ለኩ። ከዚያ ሜትሩን በወረቀቱ ክንድ አካፍሉት። ወረቀቱ 120 ክንድ ካለና መሬቱ 56.40 ሜትር ከሆነ፦ 56.40 ÷ 120 = 0.47። የዚያ ወረቀት ክንድ 47 ሳንቲ ሜትር ነው።

በአንድ ጎን አትመኑ። ሌላ የታወቀ ጎን ፈልጉ። 80 ክንድ የተባለው ጎን 37.70 ሜትር ቢወጣ 47.1 ሳንቲ ሜትር ነው፤ ሁለቱ ተስማምተዋል። ሁለተኛው ጎን 52 ቢሰጥ ግን አማካይ አትውሰዱ። አንደኛው ድንበር ተነቃንቋል ወይም አንደኛው ጎን በሌላ ሰው እጅ ተለክቷል ማለት ነው፤ ሦስተኛ ጎን እስኪገኝ ሒሳቡን አቁሙ። አማካይ የሚወሰደው ልዩነቱ ከአንድ ሳንቲ ሜትር ሲያንስ ብቻ ነው።

ክንዱ ከታወቀ በኋላ የጠፋው ጎን ይገኛል። በዚያው ወረቀት የሌላው ወራሽ ድርሻ 95 ክንድ ቢልና የወሰን ድንጋዩ ቢጠፋ፣ 95 × 0.47 = 44.65 ሜትር ነው። ስፋቱም እንዲሁ፦ 120 × 80 = 9,600 ካሬ ክንድ፤ 0.47 × 0.47 = 0.2209፤ ተባዝቶ 2,120.6 ካሬ ሜትር። በሃምሳው ልማድ ቢሆን 2,400 ይባል ነበር፤ 279 ካሬ ሜትር በሌለበት ይፈለግ ነበር። ብዙ የወንድማማች ክርክር የሚነሣው ከዚህ ዓይነት ልዩነት ነው፤ ማንም ሳይሰርቅ መሬት የጠፋ ይመስላል። ያገኛችሁት ቁጥር ለሽማግሌዎችና ለቀበሌው የመሬት ኮሚቴ የሚቀርብ ማስረጃ ነው እንጂ ድንበር የሚተክል ውሳኔ አይደለም።

ለጨርቅም ዘዴው ያው ነው። አንድ የንግድ መዝገብ 30 ያርድ ገባ፣ 60 ክንድ ተሸጠ፣ ቀሪ የለም ካለ፣ የዚያ ሱቅ ክንድ 30 × 91.44 ÷ 60 = 45.72 ሳንቲ ሜትር ነው። አሮጌ ጋቢ ወይም ነጠላ ለክቶ ክንድ ማውጣት ግን አይሆንም። ከሽመናው ጀምሮ ድሩ በማጉ ላይና ታች ስለሚጠማዘዝ ጨርቁ ከተደራው ድር ያጥራል፤ ሲታጠብ ጥጡ ደግሞ ይሰበሰባል፤ ዓመታት ሲለበስ ደግሞ ይለጠጣል። ሦስቱ ተደማምረው የሚሰጡት ቁጥር ምንም አይናገርም።

የእንግሊዝ መለኪያዎች፦ ሁሉን በኢንች አሻግሩ

የባሕር ዳር ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ በ1950ዎቹ ዓ.ም. ከጣሊያን በተገኘ የጦር ካሣ ሲተከል ያርድና ኢንች በዓለም የጨርቅ ንግድ የተለመዱ ነበሩ፤ እስከ ዛሬም በጣቃና በክር ላይ ቀርተዋል። የቅየሳ መጻሕፍትም ሰንሰለት የተባለውን የእንግሊዝ የመሬት መለኪያ ያስተምራሉ። የጨርቁና የመሬቱ መለኪያዎች የማይገናኙ ቢመስሉም አንድ ያርድ ላይ የቆሙ ናቸው፤ እ.ኤ.አ. በ1959 በተደረገው ስምምነት ያርድ ልክ 0.9144 ሜትር ሆኗል። ስለዚህ መጀመሪያ ወደ ኢንች፣ ከዚያ ወደሚፈለገው መሻገር ይበቃል።

ኔይል (የጨርቅ) = 2.25 ኢንች = 5.715 ሳ.ሜ.
ሊንክ (የቅየሳ ሰንሰለት አንድ መቶኛ) = 7.92 ኢንች = 20.1168 ሳ.ሜ.
ሩብ ያርድ (የጨርቅ) = 9 ኢንች = 22.86 ሳ.ሜ.
የፍሌሚሽ ኤል (የጨርቅ) = 27 ኢንች = 68.58 ሳ.ሜ.
ያርድ = 36 ኢንች = 91.44 ሳ.ሜ.
የእንግሊዝ ኤል (የጨርቅ) = 45 ኢንች = 114.3 ሳ.ሜ.
የፈረንሳይ ኤል በእንግሊዞች ስሌት = 54 ኢንች = 137.16 ሳ.ሜ.
ሮድ (የመሬት) = 198 ኢንች = 5.0292 ሜትር
ሰንሰለት (የመሬት) = 792 ኢንች = 22 ያርድ = 20.1168 ሜትር
ባለ 40 ያርድ ጣቃ = 1,440 ኢንች = 36.576 ሜትር
ፈርሎንግ (የመሬት) = 10 ሰንሰለት = 201.168 ሜትር
የጥጥ ሃንክ (የክር) = 840 ያርድ = 768.096 ሜትር

አንድ ስሌት እስከ መጨረሻ እንሂድ። የቆየ የንግድ መዝገብ «320 የእንግሊዝ ኤል» ይላል። 320 × 45 = 14,400 ኢንች። በ36 ሲካፈል 400 ያርድ፤ በ1,440 ሲካፈል ልክ 10 ጣቃ፤ በ792 ሲካፈል 18.18 ሰንሰለት፤ በ2.54 ሲባዛ 36,576 ሳንቲ ሜትር፣ ማለትም 365.76 ሜትር። ሰንሰለቱን ወደ ኤል ለመመለስ በ792 አባዝታችሁ በ45 አካፍሉ፤ አንድ ሰንሰለት 17.6 ኤል ነው።

እዚህ ላይ የሚያሳስቱ ነገሮች አሉ። የመጀመሪያውና ትልቁ፣ ኤል (የጨርቅ መለኪያው) ብቻ ተጽፎ የማን አገር ኤል እንደሆነ አለመጠየቅ ነው። ያው 320 በፍሌሚሽ ኤል 240 ያርድ ብቻ ነው፤ 160 ያርድ ልዩነት አለ። መዝገቡ ውስጥ አንድም ቦታ ዋጋ በያርድ ተጽፎ ከተገኘ፣ ከላይ ክንድን መልሰን እንዳወጣነው ኤሉንም ማውጣት ይቻላል።

ቀጥሎ የነጥብ አጻጻፍ አለ። ሰንሰለት በመቶ ስለሚከፈል «3.27 ሰንሰለት» ሦስት ሰንሰለት ከ27 ሊንክ ነው፤ እንደተጻፈ ይባዛል። የጨርቁ ያርድ ግን በ4 ሩብ፣ ሩቡም በ4 ኔይል ይከፈላል። «3 ያርድ 2 ሩብ 1 ኔይል» የሚለውን 3.21 ብሎ ማሽን ላይ ማስገባት የተለመደ ስሕተት ነው። ትክክሉ 3 + 2/4 + 1/16 = 3.5625 ያርድ፣ ማለትም 3.26 ሜትር ነው።

ሦስተኛው ማጠጋጋት ነው። ያርድን 0.91 ሜትር አድርጎ 400 ያርድ የሚያባዛ ሰው 364 ሜትር ያገኛል፤ አንድ ሜትር ከ76 ሳንቲ ሜትር ጠፍቶበታል፤ አንድ ሸሚዝ ሊወጣው የሚችል ጨርቅ ነው። ማባዣውን ሙሉ ያዙ፤ የሚጠጋጋው የመጨረሻው ውጤት ብቻ ነው።

በአሜሪካ ቅየሳ የሚገኘው «የቅየሳ ጫማ» ከተለመደው ጫማ የሚለየው በሚሊዮን 2 ክፍል ብቻ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2022 መጨረሻ ከሥራ ወጥቷል። ለማሳም ለጨርቅም አያሳስብም።

አንድ ስም፣ ሁለት ርዝመት

ጨርቅ ወደ አገራችን በቀይ ባሕር በኩል ሲገባ የመጣው ከዐረብ፣ ከቱርክና ከሕንድ መለኪያዎች ጋር ነው። በነዚህ አገሮች የጨርቁና የመሬቱ መለኪያ በስም አንድ ሆኖ በርዝመት መለየቱ የተለመደ ነው። በግብፅ የአገሬው ጨርቅ የሚለካበት ዲራዕ በለዲ 58 ሳንቲ ሜትር፣ የግንበኞችና የቦታ ዲራዕ 75 ሳንቲ ሜትር ነበር። በቱርክ የገበያው አርሺን 68 ሳንቲ ሜትር ገደማ፣ የመሐንዲሶቹ 75.8 ነበር። በሰሜን ሕንድ የመሬቱ ገዝ 33 ኢንች ሲሆን የጨርቁ ገዝ ከያርድ ጋር እኩል 36 ኢንች ተደርጎ ይሠራበት ነበር። ሩሲያ ለብቻዋ ናት፤ 71.12 ሳንቲ ሜትር የሆነው አርሺን ለጨርቅም ለመሬትም አንድ ነው፣ ሦስቱ አንድ ሳዤን ይሆናሉ። ስለዚህ በመዝገብ ላይ ዲራዕ ወይም አርሺን ስታዩ ከቁጥሩ በፊት ዕቃውን ተመልከቱ፤ ጨርቅ ከሆነ አጭሩን፣ ቦታ ወይም ግንብ ከሆነ ረጅሙን መነሻ አድርጉ።

ክር፦ ከቁጥር ወደ ሜትር

የፋብሪካ ክር ካርቶን ላይ 20 ወይም 30 የሚል ቁጥር ይኖራል። ይህ የእንግሊዝ የጥጥ ቁጥር ሲሆን፣ አንድ ፓውንድ (453.6 ግራም) ክር ውስጥ ስንት ሃንክ እንዳለ ይነግራል። ወደ ሜትር ለመቀየር ቁጥሩን በ1,693.4 አባዙት፤ በአንድ ኪሎ ያለው ሜትር ይወጣል። ቁጥር 20 ክር በኪሎ 33,868 ሜትር ገደማ አለው። ቁጥሩ ሲጨምር ክሩ ይቀጥናል፤ ስለዚህ በኪሎ ይረዝማል። በቴክስ (የ1,000 ሜትር ክር ክብደት በግራም) የተጻፈ ክር ካጋጠማችሁ 590.5ን ለቴክሱ አካፍላችሁ ወደ ጥጥ ቁጥር መልሱት። «20/2» ከተባለ ሁለት ቁጥር 20 ክሮች ተገምደዋል፤ ርዝመቱ እንደ ቁጥር 10 ይሰላል፣ ሲገመድ የሚሰበሰበውን ጥቂት ሳይጨምር።

ሸማኔ ከዚህ የሚጠቀመው ድር ሲያዘጋጅ ነው። ወርዱ 85 ሳንቲ ሜትር፣ በሳንቲ ሜትር 20 የድር ክር፣ የድሩ ርዝመት 12 ሜትር ይሁን። 85 × 20 = 1,700 ክር፤ 1,700 × 12 = 20,400 ሜትር፤ በ33,868 ሲካፈል 0.60 ኪሎ። ለብጣሽና ለመቋጠሪያ 5 በመቶ ጨምሩና 0.63 ኪሎ ይሆናል። የድሩን 12 ሜትር ችካል ከችካል በክንድ የሚለካ ሸማኔ የራሱን ክንድ አንድ ጊዜ በብረት ሜትር ለክቶ ከመሸመኛው አጠገብ በዕንጨት ላይ ምልክት ቢያደርግ ከገዢው ጋር የሚነሣ ክርክር ይቀራል። በእጅ ለተፈተለ ክር ግን ይህ ስሌት አይሠራም፤ ውፍረቱ በአንድ ልቃቂት ውስጥ እንኳ ስለሚለዋወጥ ጥቂት ሜትር ቆጥሮ መዝኖ ከዚያ መነሣት ይሻላል። 100 ሜትሩ 6 ግራም ከመዘነ፣ ኪሎው 16,667 ሜትር ገደማ ነው።

የጨርቅ ስፋትና የመሬት ስፋት

ጣቃውን ወደ ስፋት ለመቀየር ወርዱ መታወቅ አለበት። 40 ያርድ ርዝመትና 36 ኢንች ወርድ ያለው ጣቃ 40 ካሬ ያርድ፣ ማለትም 33.45 ካሬ ሜትር ነው። አንድ ኤከር 4,840 ካሬ ያርድ ወይም 10 ካሬ ሰንሰለት ስለሆነ ልክ በ121 እንዲህ ያለ ጣቃ ይሸፈናል፤ አንድ ቃዳ በ75 ገደማ። ይህ ሥራ ላይ የሚውለው የችግኝ ማጥለያ ወይም የሰብል መሸፈኛ ጨርቅ ለሚገዛ ሰው ነው። ጨርቁ ሲነጠፍ ጠርዝ በጠርዝ ላይ ይደረባል፤ በየወርዱ 10 ሳንቲ ሜትር ከተደረበ 91.44 የነበረው 81.44 ይሆናል፣ ለአንድ ቃዳ የሚያስፈልገው ጣቃም ወደ 84 ያድጋል።

አራት ማዕዘን ያልሆነ ማሳ ግን ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነው። በገጠር የተለመደው ዘዴ ትይዩ ጎኖችን አማክሎ ማባዛት ነው፤ ማሳው ያዘመመ ከሆነ ይህ ዘዴ ሁልጊዜ አብዝቶ ይሰጣል። በዙሪያው 62፣ 41፣ 58፣ 44 ሜትር የሆነ ማሳ በዚያ ዘዴ 60 × 42.5 = 2,550 ካሬ ሜትር፣ ከአንድ ቃዳ በላይ ይባላል። አሁን በ62ና በ41 መካከል ካለው ጥግ ፊት ለፊት የሚያልፈውን፣ ማሳውን ለሁለት ሦስት ማዕዘን የሚከፍለውን ሰያፍ መሥመር ለኩ፤ 85 ሜትር ይሁን። ለእያንዳንዱ ሦስት ማዕዘን ሦስቱን ጎኖች ደምራችሁ ግማሹን ያዙ፤ ከግማሹ እያንዳንዱን ጎን ቀንሱ፤ ግማሹንና ሦስቱን ልዩነቶች አባዝታችሁ ካሬ ሥሩን አውጡ።

ለ62፣ 41፣ 85፦ ግማሹ 94፤ ልዩነቶቹ 32፣ 53፣ 9፤ ብዜቱ 1,434,816፤ ሥሩ 1,197.8።
ለ58፣ 44፣ 85፦ ግማሹ 93.5፤ ልዩነቶቹ 35.5፣ 49.5፣ 8.5፤ ሥሩ 1,181.8።

ድምሩ 2,379.6 ካሬ ሜትር ነው። ማሳው ከቃዳ በታች እንጂ በላይ አይደለም፤ በአማካዩ ዘዴ 170 ካሬ ሜትር በከንቱ ተጨምሮበት ነበር። አንዷን ሰያፍ መሥመር መለካት የሚወስደው ጥቂት ደቂቃ ነው፤ አትዝለሏት።

መሣሪያው የሚያመጣው ስሕተት

የቃጫ ገመድ እርጥበት ሲነካው ይወፍርና ያጥራል፤ በክረምት ጠዋት ጤዛ ላይ የተለካ ማሳ በቀትር ከተለካው የበለጠ ክንድ ይወጣዋል። ናይለን ደግሞ ሲጎተት ይለጠጣል። ገመድ ማዘጋጀት ግድ ከሆነ የተጎነጎነ ፖሊስተር 4 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለውን ግዙ፤ አንድ ሌሊት ክብደት አንጠልጥላችሁ ወጥሩት፤ ከዚያ በብረት ሜትር ጎን እኩል በሆነ ጉልበት እየጎተታችሁ በየ5 ሜትሩ ቀለም ያለው ጨርቅ እሰሩ። ቋጠሮ አታድርጉ፣ ቋጠሮ ርዝመት ይበላል። ከየሥራው በፊትና በኋላ ከብረት ሜትሩ ጋር አስተያዩት።

ብረት ሜትር ራሱ ሙቀት ይነካዋል፤ በ50 ሜትር ላይ 15 ዲግሪ ሙቀት 9 ሚሊ ሜትር ገደማ ያረዝመዋል፣ ለማሳ አያሳስብም። ተዳፋት ግን ያሳስባል። በ10 በመቶ ተዳፋት ላይ መሬቱን ተከትሎ የተዘረጋ 50 ሜትር አግድሙ 49.75 ነው። የይዞታ ካርታ የሚለካው አግድሙን ስለሆነ፣ ዳገት ላይ ሜትሩን አጠር አጠር አድርጋችሁ፣ አንዱን ጫፍ ከፍ አድርጋችሁ አግድም ያዙት፤ ከፍ ካለው ጫፍ ነጥቡን በገመድ በተንጠለጠለ ድንጋይ ወደ መሬት አውርዱ።

በእጅ የሚያዝ ጂፒኤስ ከ3 እስከ 5 ሜትር ስለሚስት ለ50 ሜትር ጎን አይመከርም፤ ለትልቅ ማሳና አቅጣጫ ለማወቅ ይጠቅማል። በሁለተኛው ደረጃ የይዞታ ምዝገባ ከአየር ፎቶ የተወሰደ ካርታ ያለው ሰው ርዝመቱን ከዚያ ማውጣት ይችላል። ባሕር ዳር በዩቲኤም (ምድርን በዞን ከፍሎ ቦታን በሜትር በሚያነብ የካርታ አሠራር) ዞን 37 ከመካከለኛው መሥመር በስተ ምዕራብ 176 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ የካርታው ልኬት (የካርታው ርዝመት በባሕር ወለል ደረጃ ላለው ርዝመት ሲካፈል) ከ1 ብዙም አይርቅም፤ ከ1,780 ሜትር በላይ ያለው የጣና ከፍታ ሲታሰብ ግን በመሬት ላይ የተለካ አንድ ኪሎ ሜትር በካርታው 30 ሳንቲ ሜትር ገደማ ያጥራል። በ50 ሜትር ጎን ላይ አንድ ሳንቲ ሜትር ተኩል ነው። ሊያሳስብ የሚገባው ካርታው በአዲንዳን (በቆየው የካርታ የቦታ መነሻ) ሆኖ ጂፒኤሱ በደብሊውጂኤስ 84 (ጂፒኤስ በሚጠቀምበት መነሻ) ሲነበብ ነው፤ የነጥቡ ቁጥር ከ200 ሜትር በላይ ይዛነፋል። ርዝመትና ስፋት በዚህ አይለወጡም፤ ቦታው ግን የጎረቤት ማሳ ላይ ያርፋል። ከመጀመራችሁ በፊት መሣሪያውን ካርታው በተሠራበት አስተካክሉ።

አጻጻፍ

የተገኘውን ሜትር ብቻውን አትጻፉ። የወረቀቱን ቃል እንዳለ፣ ክንዱ ከየት እንደወጣ፣ የስሌቱን ውጤትና ሊሳሳት የሚችልበትን መጠን በአንድ መሥመር አስቀምጡ። የስሕተቱ መጠን የሚወሰነው በክንዱ ነው፤ ክንዱ በግማሽ ሳንቲ ሜትር የሚያጠራጥር ከሆነ 95 ክንድ በ47 ሳንቲ ሜትር ገደማ ያጠራጥራል። እንዲህ፦

የምሥራቁ ድርሻ ሰሜን ጎን፤ በወረቀት 95 ክንድ፤ መነሻ ክንድ 47 ሳ.ሜ.፣ ከዋናው ማሳ ደቡብ ጎን (56.40 ሜ. ÷ 120)፣ በምዕራብ ጎን (37.70 ሜ. ÷ 80) የተረጋገጠ፤ ውጤት 44.65 ሜ.፤ ወደ ላይም ወደ ታችም 50 ሳ.ሜ. ሊሳሳት ይችላል፤ በብረት ሜትር፣ በአግድም የተለካ።